«አልነሣ አለ»፦ የአንድ ሞተር ሥርወ ቃል

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሞተር ሳይክል ያየ ሰው «ምን ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ «አልነሣ አለ»።

ሁለቱን ቃላት ቀስ ብለን እንያቸው። «አልነሣ» የማን ንግግር ነው? ሦስተኛ መደብ ቢሆን ኖሮ «አይነሣ» በተባለ ነበር። «አል-» አንደኛ መደብ ነው፦ አልሄድም፣ አልበላም፣ አልነሣም። ስለዚህ ባለ ሞተሩ የሚያደርሰን የሞተሩን ቃል ነው፤ ሞተሩ «አልነሣም» ብሏል። ለማረጋገጥ ሞተሮቹን ሁለት ማድረግ ይበቃል፦ «አንነሣ አሉ»። «አን-» የብዙ ቁጥር አንደኛ መደብ ነው። ሞተሩን በእንስት የሚጠራም «አልነሣ አለች» ይላል እንጂ «አትነሣ አለች» አይልም። «በሩ አልከፈት አለ»፣ «ድንጋዩ አልፈነቀል አለ» የምንለውም በዚሁ ሥርዓት ነው። አማርኛ ለግዑዝ ነገር አፍ የሚሰጠው እምቢ በሚልበት ሰዓት ነው። የከተማ ወጣት «ስታርት አላደርግ አለ» ሲልም ስሙን ከውጭ ያመጣል እንጂ ሰዋስዉን አይለቅም፤ እንግሊዝኛ የለበሰው ሞተርም እምቢታውን በአንደኛ መደብ ይናገራል።

የግሡ ሥር ግእዙ ነሥአ ነው፤ ወሰደ፣ አነሣ፣ ተሸከመ። የዕብራይስጡ ናሳእ፣ የአካድኛው ናሹ፣ «በቀለ፣ ተነሣ» የሚለው የዐረብኛው ነሸአ ወንድሞቹ ናቸው። «ተ-» ሲታከልበት ተንሥአ ይሆናል፦ ራሱን አነሣ፣ ቆመ። ዲያቆኑ በቅዳሴ ምእመናኑን «ተንሥኡ» ብሎ የሚያቆማቸው በዚህ ግስ ነው፤ ትንሣኤም ከዚሁ ግንድ የወጣ ስም ነው። አማርኛ ግንዱን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ቅርንጫፍ ነሣ ሆኖ መውሰድንና መከልከልን ያዘ፦ «እንቅልፍ ነሣኝ»፣ «ዕረፍት ነሣኝ»። ሁለተኛው ተነሣ ሆኖ መቆምን ያዘ። ፎቶ አነሣ፣ ጥያቄ አነሣ፣ መነሻ፣ ተነሣሽነት፣ ሞተር አስነሣ፤ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ፊደላችን አንድ ነገር ይደብቃል። ጥብቀትን አይጽፍምና «አልነሣም» በወረቀት ላይ ሁለት ቃል ነው። «ነ» ጠብቆ ሲነበብ «ከመሬት አልነሣም»፣ ላልቶ ሲነበብ «አልከለክልም» ይሆናል። አንዱ እምቢታ፣ ሌላው እሺታ። ለዋሸራ ቅኔ ተማሪ ይህን ያህል ቀዳዳ በቂው ነው።

የተነሣ ሞተር ሲቆም ደግሞ ተኛ ወይም ተቀመጠ አይባልም፤ ጠፋ ይባላል። ግእዙ ጠፍአ ሲሆን የእሳትና የመብራት ግስ ነው። እንግዲህ ሞተር ሲነሣ ሰው፣ ሲጠፋ መብራት ነው። ራሱ «ሞተር» የሚለው ስም የላቲን ነው፤ ሞቬሬ፣ አንቀሳቀሰ፣ ካለው ግስ ወጥቶ «አንቀሳቃሽ» ማለት ነው። ከእኛ «ሞተ» ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ «ር»ን ሸፍኖ ለሚያነብ ግን ትንሣኤና ሞት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኝተውለታል። በአነጋገራችን «ሞተር» ክፍሉ ሆኖ ለሙሉው ቆሟል፤ «ሳይክል» የሚለውን ቅጥያ የሚጨምር ሰው ጥቂት ነው። እሱም የግሪኩ ኪክሎስ፣ ክብ፣ ነው፤ በእኛ ቤት ቢሆን ዖደ፣ ዞረ፣ ከሚለው ግስ ዑደት በሆነ ነበር።

የሞተሩን አካል በስም መቁጠር ስንጀምር ግእዝ ወደ ጎን ይላል። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጎማ፣ ብሎን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፤ ይህ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ጭነት መኪናና ጋራዥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን በብዛት ሲገቡ ስማቸውን ይዘው ገቡ። ቢቸና በእነዚያ ዓመታት በላይ ዘለቀ ጣሊያንን የተፋለመበት አገር ነው፤ የቢቸና መካኒክ ዛሬ «ፍሬን» ሲል የአርበኛው ልጅ የጠላቱን ቃል እንደ ማረከው መሣሪያ ይዞታል።

ፍሬን ራሱ ከጦር ሜዳ የሚርቅ ቃል አይደለም። የጣሊያንኛው ፍሬኖ ከላቲኑ ፍሬኑም የመጣ ነው፤ ፍሬኑም ማለት ልጓም ነው። በቅሎውን ሽጦ ሞተር የገዛ ሰው ልጓም ሰጥቶ ልጓም ተቀብሏል።

የጎማ ጉዞ ከሁሉ ይረዝማል። የጥንት ግብፆች ሙጫን በቀ፣ መ እና የ ድምፆች በተሠራ ቃል ይጠሩት ነበር። ግሪኮች ኮሚ፣ ሮማውያን ጉሚ፣ ጣሊያኖች ጎማ አሉት። በአባይ ታችኛው ጫፍ የተወለደ ቃል በሜዲትራንያን ዞሮ ጎጃምን በሚያቅፈው የአባይ ጥምዝ ውስጥ መንኮራኩር ሆኖ ይሽከረከራል። ጎማን የሚጠግነው ጎሚስታም ከነቅጥያው ጣሊያንኛ ነው።

ለድምፅ ለውጥ ወዳጅ ከሁሉ የሚጥመው የጎማው ውስጠኛ ፊኛ ነው። ጣሊያኑ ካሜራ ዳሪያ ይለዋል፤ «የአየር ክፍል»። ሁለት «ረ» በቅርብ ርቀት ሲመጡ ምላስ ይሰለቻልና አንዱን ይለውጣል። አንዱ ሰፈር «ረ»ን ወደ «ነ» ለውጦ ከመነዳሪ አለ። ሌላው ወደ «ለ» ለውጦ፣ «መ»ንና «ለ»ን ቦታ አቀያይሮ ካላማዳሪያ አለ። ይህን ሁለተኛውን መልክ ሳያግዘው አልቀረም ብዬ የምጠረጥረው የገዛ ቃላችን «ማደሪያ» ነው፤ አየር የሚያድርበት ነገር ማደሪያ ቢባል ማን ይከፋዋል?

ስሞቹ እንግዳ ሲሆኑ ግሦቹ ግን አገር ቤት ቀርተዋል። ካንዴላ ይፈታል፣ ይጠረጋል፣ ይጠቁራል። ባትሪ ይሞታል። ቤንዚን ይቀዳል፣ ይፈሳል፣ ይበረዛል። ጎማ ይተነፍሳል፤ ነፍስና ነፋስ በተገኙበት ሥር፣ መተንፈስ ለሰው ሕይወት ለጎማ ሞት ሆኖ። ዕቃው ከወደብ ይመጣል፤ የሚሠራውንና የሚያጠፋውን የምንናገረው ግን በአያቶቻችን ግስ ነው። ስለዚህም የሞተርን ብልሽት መፈለግ በቋንቋ በኩል ሲታይ የባዕድ ስምን በአገር ግስ መጠየቅ ነው።

መጠይቁ የሚጀምረው ከእግር ነው። አዲሶቹ ሞተሮች የማስነሻ ቁልፍ አላቸው፤ ቁልፉ ሲጫን የሚዞረው ትንሽ ሞተር በጋራዥ ሞተሪኖ ይባላል፤ «-ኢኖ» የጣሊያንኛ ማሳነሻ ነው። ሞተሪኖው ዝም ካለ ይረገጣል። ረገጠ በግእዝ ረገጸ ነበር፤ የግእዙ «ጸ» በአማርኛ «ጠ» ሲሆን ጾምን ጦም፣ ጸጉርን ጠጉር ያደረገው ሕግ እዚህም ሠርቷል። እርግጫውም ካልሠራ መግፋት ይቀራል። ግፊያው ስፒንታ ይባላል፤ ይኸውም ጣሊያንኛ ነው፣ ትርጉሙም ያው ግፊያ። ከመግፋት በፊት ማርሹን ማየት ነው። ማርሽ ሰልፍም የሞተር ፍጥነት ደረጃም የሆነ ቃል ነው፤ የማርሽ ባንድ የምንለውም እሱው ነው። ጣሊያንኛው ማርቻ ስለሆነ «ች»ን እንጠብቅ ነበር፤ «ሽ» የፈረንሳይኛን እጅ ያስጠረጥራል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ነዳጅ ነው። ነደደ፣ ነዳዲ፣ ነዳጅ፤ «ደ» ከ«ኢ» ጋር ሲገናኝ ወደ «ጅ» ይለሰልሳል፣ ወሰደ ወሳጅ፣ ፈረደ ፈራጅ እንዳለው። እንግዲህ ነዳጅ በአሠራሩ የድርጊቱ ባለቤት ስም ነው፦ የሚነድ።

ቤንዚን ግን ታሪክ አለው። ብዙ ሰው ከመኪና ሠሪው ካርል ቤንዝ ጋር ያገናኘዋል፤ ዘመኑ አይፈቅድም። ጀርመናዊው ኬሚስት ኤይልሃርድ ሚቸርሊሽ «ቤንዚን» የሚለውን ስም ያወጣው በ1833 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቤንዝ የተወለደው በ1844 ነው። ሚቸርሊሽ ፈሳሹን ያገኘው ቤንዞይን ከሚባል ሙጫ የሚወጣን አሲድ ከኖራ ጋር በማንጠር ነበር፤ ስሙ ወደ ሞተር ነዳጅ የተላለፈው ኋላ ነው። ቤንዞይን ከየት መጣ? ዐረብ ነጋዴዎች ከሱማትራ የሚያመጡትን ዕጣን ሉባን ጃዊ፣ «የጃቫ ዕጣን»፣ ይሉት ነበር። የደቡብ አውሮፓ ሰዎች ቃሉን ሲቀበሉ መጀመሪያው ላይ ያለችው «ሉ» ከስም በፊት የሚያስቀድሟት ጠቋሚ «ሎ» መስላቸው ጣሏት፤ የቀረው «ባንጃዊ» እየተንከባለለ ቤንዞይን ሆነ። እኛ ግን «ሉ»ን አልጣልናትም። ያው የዐረብ ቃል በቀጥታ ወደ ገበያችን ገብቶ ሉባንጃ ሆኗል። በሞጣ ገበያ በአንድ ጥግ ሉባንጃ፣ በሌላው ጥግ ቤንዚን ሲሸጥ ወንድማማቾቹ አይተዋወቁም።

ናፍጣም እንዲሁ የጠፋ ወንድም አለው። አካድኛ ናፕቱ ያለውን የሚነድ ዘይት ግሪኩ ናፍታ፣ ዐረቡ ነፍጥ አለው። በግብፅ ማምሉኮች ዘመን «ነፍጥ» ባሩድንም መጥራት ጀመረ። በዚያ በኩል የመጣው ለእኛ ጠመንጃ ሆነ፣ ነፍጥ። በጣሊያን በኩል የመጣው የጭነት መኪና ምግብ ሆነ፣ ናፍጣ። ባትሪም ከዚሁ ሰፈር አይርቅም፤ የፈረንሳይኛው ባትሪ መደብደብንና የመድፍ ረድፍን ይጠራ ነበር፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው መቶ ዘመን በረድፍ ያቆማቸውን የኤሌክትሪክ ማሰሮዎች በዚህ ስም ጠራ። በእኛ ገጠር ደግሞ ስሙ አንድ ደረጃ ተንሸራተተ፦ የእጅ መብራቱ «ባትሪ» ተባለ፣ ኃይል የሚሰጠው ክፍል «ድንጋይ» ሆነ።

ቤንዚን አለ ማለት ግን ቤንዚን ነው ማለት አይደለም። በሞጣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል። ወጣቱ መካኒክ ሞተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጦ ያዳምጣል፤ ባለቤቱ የግብርና ባለሙያ ነው፣ ጫማው ላይ የማሳ ጭቃ አለ።

«ጋሼ፣ ቤንዚኑን ከየት ቀዱት?»

«ከመንገድ ነው እንጂ፣ በሃይላንድ። ማደያው ደርቆ።»

መካኒኩ የካርቡራቶሩን የታችኛውን ብሎን ላላ አድርጎ ጥቂት ቤንዚን በጠርሙስ ክዳን ይቀበልና ወደ ብርሃን ያዞረዋል። ከሥር እንደ ዶቃ ክብ ብላ የተቀመጠች ጠብታ ትታያለች።

«ውኃ አለበት። ተበርዟል።»

«ሃይላንድ» የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፤ ውኃው ተጠጥቶ ስሙ በባዶው ፕላስቲክ ላይ ቀረ። ባጃጅም እንዲሁ የአንድ የህንድ ቤተሰብና የኩባንያው ስም ሆኖ ሳለ በእኛ ዘንድ ባለ ሦስት እግሯን ሁሉ ጠቅልሏል። «ተበርዟል» ግን የጎጃም ማር ቤት ቃል ነው። በረዘ ማለት ማርን በውኃ ማሟሟት ነው፤ መጠጡም ብርዝ ነው። ብርዝ ለእንግዳ ክብር ነበር፤ ማርን በውኃ ከማቅጠን ወተትን፣ ከወተት ሃይማኖትን፣ ከሃይማኖት ቤንዚንን መበረዝ ድረስ ቃሉ እየወረደ ሄዷል። የካርቡራቶሯ ቀጭን ቀዳዳ ይህን ታሪክ አታውቅም፤ ውኃ ከቤንዚን ይከብዳልና ሥር ላይ ተኝቶ መጀመሪያ የሚደርሳት እሱ ነው።

ቤንዚኑ ንጹሕ ሆኖ ሞተሩ አሁንም እምቢ ካለ የሚፈለገው እሳት ነው። «እሳት አይሰጥም» ይላል መካኒኩ። እሳት በግእዝም በአማርኛም ያው ነው፤ አካድኛው ኢሻቱ፣ ዕብራይስጡ ኤሽ። እሳቱን የምትሰጠው ካንዴላ ናት፤ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ፈረንሳይ ቡዢ ትላታለች፤ እሱም ሻማ ነው፣ ስሙን ያገኘው ሰም ትልክ ከነበረችው የአልጄሪያ ወደብ ከቢጃያ ነው። ጀርመንም ዐረብም ሻማ ነው የሚሏት። የእኛ «ሻማ» የዐረብኛው ሸምዕ ሲሆን ሸምዕ ማለት ሰም ነው፤ የግእዙ ሠምዕ፣ የአማርኛው ሰም፣ ወንድሙ ነው። ሰምና ወርቅ በሚዘረፍበት አገር ካንዴላን «ሰም» ብሎ የሚጠራት አለመኖሩ ያስቆጫል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ካንዴላዋ ትፈታለች፣ ከገመዷ ጋር እንደተያያዘች አካሏ ከሞተሩ ብረት ጋር ይነካካል፣ ቤንዚን ከአካባቢው ይራቅና ሞተሩ ይረገጣል። በጫፏ ላይ ያለው ክፍተት እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከዘለለ እሳት አለ። ካልዘለለ ወደ ቦቢና፣ ወደ ጥቅልሉ፣ ይኬዳል። ቦቢና ዝቅተኛውን ኮረንቲ ከ10,000 ቮልት በላይ ታደርሰዋለች። ኮረንቲ ኮሬንቴ ነው፣ ኮሬሬ፣ ሮጠ፣ ካለው ግስ፦ ሯጩ።

ካንዴላዋ እርጥብና ጥቁር ሆና ከወጣች ደግሞ ሥርወ ቃሉ ይስቃል። ካንዴላ ከላቲኑ ካንዴሬ ነው፤ ነጭ ሆኖ ማብራት። የቤንዚን አያት የሆነው ሉባን ከሴማዊው ለ-በ-ነ ነው፤ እሱም ነጭ፣ የሊባኖስ ተራራ በበረዶው የተጠራበት። ስለዚህ በቤንዚን ብዛት የጠቆረች ካንዴላ ማለት በስም ሁለቱም ነጭ የሆኑ ነገሮች ተገናኝተው ጥላሸት የፈጠሩባት ማለት ናት።

ይህ መጥቆር በቢቸናና በሞጣ ምክንያት አለው፤ አየር ነው። ሁለቱም ከተሞች 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ለዚህ ስስ አየር ያንኑ ያህል ቤንዚን ሲሰጥ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ካርቡራቶር የሚለው ስም ራሱ ጥላሸቱን ተንብዮታል፤ ካርቦን ከላቲኑ ካርቦ ነው፣ ከሰል።

አየር ከቤንዚን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ግሪኩ ኤር መጻሕፍት ወደ ግእዝ ሲተረጎሙ አየር ሆኖ ገባ። በዚያው የግሪክ በር ከሞጣ ብዙ በማይርቀው በመርጡለ ማርያም ስም ላይ ያለው መርጡል ገብቷል፤ ግሪኩ ማርቲሪዮን፣ የሰማዕት መታሰቢያ ቤት። በካርቡራቶሩ ሆድ ውስጥ እንግዲህ የአክሱም ዘመን ግሪክኛና የዐረብ ነጋዴ ዕጣን ይቀላቀላሉ። በጠዋት ብርድ መቀላቀሉ እንዲሰምር ቾክ ይሳባል። ቾክ እንግሊዝኛ ነው፣ ማነቅ፤ ግእዙ ኀነቀ፣ ዐረብኛው ኸነቀ። አየሩን አንቆ ቤንዚኑን ያበዛል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቾክ እንደተሳበ ከቀረ፣ በከፍታው ላይ አየር ያነሰው ሞተር በገመዱ ደግሞ ይታነቃል። ቾክን መመለስ ብቻ የስንቱን «አልነሣም» እንደ ሻረ መካኒኮች ያውቁታል።

የጭሱን መውጫም መርሳት አይገባም። ጭስ ግእዙ ጢስ ነው፤ ጢስ አባይ አሮጌውን «ጠ» ጠብቆ ይዟል። ጭሱ የሚወጣበት ማርሚታ በጣሊያን ትልቅ ድስት ነው፤ ጭቃ ወይም ጥላሸት የደፈነው ድስት ሞተሩን ያፍናል። ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢታው ከጸና ጥያቄው ወደ ፒስተን ይወርዳል። ጣሊያኑ ፒስቶኔ መውቀጥ ካለው ግስ የወጣ ነው፣ ዘነዘና ማለት፤ ሲሊንደሩም ሙቀጫው። ዘነዘናው አልቆ ሙቀጫውን መሙላት ካቃተው አየር በጎኑ ያመልጣል፣ እመቃ አይኖርም፣ እሳትም ቤንዚንም ቢኖሩ ሥራ የለም። ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋው ቴስታታ ነው፤ ቴስታ፣ ራስ። ኳስ ሜዳ ላይ «በቴስታ አገባት» የሚለው ልጅ ከመካኒኩ ጋር አንድ ቃል ይጋራል። ላቲኑ ቴስታ ግን መጀመሪያ ገል ነበር፤ ራስን ገል ማለት የሮም ወታደሮች ቀልድ ይመስላል።

ይህን ሁሉ የሚከፍቱት መሣሪያዎች ናቸው። ካቻቪቴ ሁለት ቃል ነው፦ ካቻሬ፣ መንዳት፤ ቪቴ፣ ጥምዝ ብሎን። ቪቴ ደግሞ የወይን ሐረግ ነው፤ ሐረጉ እንደሚጠማዘዘው ብሎኑም ይጠማዘዛልና። ጣሊያኑ ሐረግ ነጂ አለው፤ እኛ ሳንተረጉም ተቀበልነው።

ለብሎን መፍቻው ግን የራሳችን ስም አለን። መፍቻ ፈታ ከሚለው ግስ ነው፣ ግእዙ ፈትሐ። ፈትሐ መጀመሪያ ከፈተ፣ ለቀቀ ነው፤ ዐረብኛው ሚፍታሕ፣ ዕብራይስጡ ማፍቴሕ፣ ሁለቱም ቁልፍን የሚጠሩት በዚሁ ሥር ነው። በግእዝ ክርክርን መፍታት ፍርድ ሆነና ፍትሕ ተወለደ፣ ፍትሐ ነገሥትም ተጻፈ። ለሞተ ሰው የሚደረገው ፍታት፣ ትዳር ሲፈርስ የሚጠራው ፍቺ፣ ለችግር የሚፈለገው መፍትሔ፣ ሁሉም ከዚህ ናቸው። መፍትሔና መፍቻ አንድ ሥር፣ አንድ የ«መ» መነሻ ናቸው፤ አንዱ የግእዙን «ትሔ» ጠብቆ መጽሐፍ ቤት ቀረ፣ ሌላው «ቻ» ብሎ ለስልሶ ጋራዥ ገባ። የግብርና ባለሙያው መፍትሔ ሲጠይቅ ወጣቱ ረዳቱን «የካንዴላ መፍቻ አምጣ» ቢለው ጥያቄውን በቀጥታ መልሷል።

ግሡ እኔንም ይጨምራል። ፍቺ የቃል ትርጉምም ነው። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ግሦችን በ«አበገደ» ተራ ደርድረው ሲፈቱ የሠሩት ሥራ ይኸው ፈትሐ ነበር። በመጽሐፍ መጨረሻ የሚታተመው የከባድ ቃላት ዝርዝርም «የቃላት መፍቻ» ይባላል። በካንዴላ መፍቻና በቃላት መፍቻ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ በመጀመሪያው የተፈታው ነገር ተመልሶ ካልጠበቀ ሞተሩ አይነሣም።